ማን ምን አየ? የዮኮሃማ ሥዕሎችና የምስል ማስረጃ አነባበብ

ስለ ጃፓን ዘመናዊ ታሪክ በሚጻፉ መጻሕፍትና የመመረቂያ ጽሑፎች ዘንድ አንድ ሥር የሰደደ ልማድ አለ። አገሪቱ ደጇን ለውጭ ንግድ ስለከፈተችበት ዘመን ሲወሳ፣ ረጅም አፍንጫና ቀይ ጢም ያለው ምዕራባዊ ነጋዴ ሰፊ ቀሚስ ከለበሰች ሴት ጎን በፈረስ ሲጓዝ የሚያሳይ ባለቀለም የእንጨት ኅትመት ሥዕል ይገባል፤ ከሥሩም «ጃፓናውያን የውጭ ሰዎችን ያዩበት ዓይን» የሚል መግለጫ ይቀመጣል። ሥዕሉ ገጹን ያስውባል፤ አንባቢውም ያለ ጥያቄ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ በዚያች አጭር መግለጫ ውስጥ ሦስት ያልተረጋገጡ ነገሮች ተጠቅልለዋል፦ ሠዓሊው የሣለውን ሰው በዓይኑ አይቷል፤ የሣለውም ያየውን ነው፤ የእሱም እይታ የሕዝቡ ሁሉ እይታ ነው። በአብዛኞቹ ሥዕሎች ላይ ሲፈተኑ ግን ሦስቱም አይጸኑም።

«ዮኮሃማ-ኤ» ማለትም የዮኮሃማ ሥዕሎች በመባል የሚታወቁት እነዚህ ኅትመቶች ከፍተኛ ዋጋ ያላቸው የታሪክ ምንጮች መሆናቸው አያከራክርም። የሚያከራክረው የምን ምንጭ ናቸው የሚለው ነው። ስለተሣሉት ባዕዳን ከሚሰጡት ምስክርነት ይልቅ ስለሣሏቸው፣ ስላሳተሟቸውና ስለገዟቸው ሰዎች የሚሰጡት ምስክርነት ይበልጣል። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ተመራማሪው ከሥዕሉ ምን ሊደመድምና ምን ሊደመድም እንደማይችል የሚወስን ነው።

ነገሩን ከመነሻው ማየት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንሥቶ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ፣ ከአውሮፓውያን መካከል በጃፓን የመነገድ ፈቃድ የነበራቸው የኔዘርላንድ ነጋዴዎች ብቻ ነበሩ። እነሱም ከ1641 ጀምሮ በናጋሳኪ ወደብ ባለችው በዴጂማ ሰው ሠራሽ ደሴት ተወስነው ይኖሩ ነበር። በ1853 ኮሞዶር ማቲው ፔሪ የአሜሪካን የጦር መርከቦች እየመራ ወደ ኤዶ ባሕረ ሰላጤ ገባ። በ1854 የካናጋዋ ስምምነት ተፈረመ፤ በ1858 ደግሞ ከአሜሪካ፣ ከኔዘርላንድ፣ ከሩሲያ፣ ከብሪታንያና ከፈረንሳይ ጋር የተደረጉ የንግድ ውሎች ተከታተሉ። ውሎቹ እንዲከፈት የወሰኑት የካናጋዋን ወደብ ነበር። ካናጋዋ ግን ኤዶንና ኪዮቶን በሚያገናኘው በቶካይዶ ጎዳና ላይ ያለች፣ መንገደኛ የሚበዛባት ማረፊያ ከተማ ናት። የሾጉኑ መንግሥት የውጭ ሰዎችን ከዚህ ጎዳና ለማራቅ ሲል ከባሕሩ ዳርቻ ማዶ ያለችውን ዮኮሃማ የተባለች ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር መረጠ። ወደቡም በጁላይ 1859 ሥራ ጀመረ።

ዮኮሃማ የዛሬዋ ቶኪዮ ከሆነችው ከኤዶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ኤዶ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የሚኖርባትና የኅትመት ንግድ የደራባት ከተማ ነበረች። በአቅራቢያው አዲስ ወደብ መከፈቱንና እንግዳ ሰዎች መስፈራቸውን የሰማው ሕዝብ ጉጉት አደረበት፤ አሳታሚዎችም ጉጉቱን ወደ ገበያ ለወጡት። በተለይ በ1860 እና በ1861 ብዙ መቶ የተለያዩ ሥዕሎች ለሽያጭ ቀረቡ። ሠዓሊዎቹ በአብዛኛው የኡታጋዋ ሥዕል ቤት ተከታዮች ነበሩ፤ ሳዳሂዴ፣ ዮሺካዙ፣ ዮሺቶራ፣ ዮሺኢኩና ሁለተኛው ሂሮሺጌ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። በአንጻሩ በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት በወደቡ የሰፈሩት ምዕራባውያን በቁጥር አነስተኛ ነበሩ። ስለ ጥቂት ሰዎች ያን ያህል ብዙ ሥዕል መውጣቱ ራሱ ሊያጠያይቅ ይገባዋል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው የአሠራሩ ሂደት ነው። የእንጨት ኅትመት ሥዕል የአንድ ሠዓሊ ብቸኛ ሥራ አልነበረም። ርእሱን የሚመርጠው፣ ገንዘቡን የሚያወጣውና ኪሳራውን የሚሸከመው አሳታሚው ነው። ሠዓሊው ንድፉን በስስ ወረቀት ላይ ያወጣል፤ ቀራጩ ወረቀቱን በቼሪ እንጨት ሰሌዳ ላይ ለጥፎ መሥመሮቹን ይፈለፍላል፤ ለየቀለሙም ሌላ ሰሌዳ ይዘጋጃል፤ አታሚው በመጨረሻ ቀለሙን እያከታተለ በወረቀት ላይ ያሳርፋል። አንዱ ወረቀት ቁመቱ 37፣ ወርዱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ተጋጥመው አንድ ትልቅ ትዕይንት ይሠራሉ። ዋጋው የከተማው ተራ ነዋሪ የሚችለው ነበር። ትርፍ የሚገኘው ደግሞ ወሬው ሳይበርድ በፍጥነት በማውጣት ነው። በዚህ ጥድፊያ ውስጥ ሠዓሊው ዮኮሃማ ድረስ ወርዶ ሰዎቹን አስቁሞ እንዲሥል የሚያስገድደው ነገር አልነበረም፤ ቀላሉ መንገድ ከተዘጋጀ ምስል መገልበጥ ነው።

የተዘጋጀውም ምስል በእጅ ነበር። ከ1842 ጀምሮ በለንደን የሚታተመው «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» እና ከ1855 ጀምሮ በኒው ዮርክ የሚታተመው የፍራንክ ሌስሊ ባለሥዕል ጋዜጣ በመርከብ ወደ ጃፓን ይደርሱ ነበር። ሠዓሊዎቹ ከእነዚህ ጋዜጦች ሰዎችን፣ ሕንፃዎችንና መርከቦችን እየመረጡ ወሰዱ፤ በጥቅጥቅ ቀጫጭን መሥመሮች የተሠራውን ጥላ ትተው ወደ ጃፓናዊው ጥርት ያለ ዳር መሥመርና ወደ ደማቅ ቀለም መለሱት። አንዳንድ ጊዜም የአንዱ አገር ሕንፃ በሌላ አገር ከተማ ስም ታትሞ ወጣ። ለአሳታሚው ችግሩ የሕንፃው ማንነት አልነበረም፤ ገዢው «የባዕድ አገር ከተማ» ብሎ እስከተቀበለው ድረስ ሥዕሉ ሥራውን ሠርቷል።

የሴቶቹ ነገር ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በሥዕሎቹ ላይ ሰፊ ቀሚስ የለበሱ ምዕራባውያት ሴቶች በብዛት ይታያሉ፦ ልጅ ታቅፈው፣ በፈረስ ተቀምጠው፣ በልብስ ስፌት መኪና ሲሰፉ፣ በማዕድ ዙሪያ ተሰብስበው። በወደቡ የመጀመሪያ ዓመታት ግን የምዕራባውያት ሴቶች ቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ከእነዚህ ሥዕሎች ተነሥቶ የዮኮሃማን የውጭ ሰዎች የቤተሰብ ኑሮ የሚተርክ ጥናት፣ ሳያውቀው የለንደንና የኒው ዮርክ ጋዜጦችን ገጽ እየተረከ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ዮሺካዙ በ1861 የአሜሪካን የእንፋሎት ባቡር የሚያሳይ ሥዕል አውጥቷል። በጃፓን የመጀመሪያው የባቡር መሥመር በሺምባሺና በዮኮሃማ መካከል የተመረቀው በ1872 ነው። ፔሪ በ1854 በስጦታ ያመጣት ትንሽ የባቡር ሞዴል ብትኖርም፣ ሠዓሊው እውነተኛ ባቡር በሥራ ላይ የሚያይበት ዕድል በአገሩ አልነበረውም። የሣለውም ማጓጓዣ ከባቡር ይልቅ ወደ መርከብ ያደላል።

ፊቶቹም ቢሆኑ ከተመልካች ዓይን ይልቅ ከሙያው ወግ የተወሰዱ ናቸው። የኡታጋዋ ሠዓሊዎች የሠለጠኑት የቲያትር ተዋንያንንና ቆነጃጅትን በመሣል ነው። ባዕዱን ሲሥሉም ያንኑ የተለመደ አካል ወስደው አፍንጫውን አስረዘሙ፣ ጸጉሩን አቀሉ፣ ልብሱን ለወጡ። ቀይ ጸጉርም ከጥንት ጀምሮ ለኔዘርላንድ ሰዎች መጠሪያ ሆኖ የኖረ የተለመደ ምልክት ነው። በዚህ የተነሣ እንግሊዛዊውን ከሩሲያዊው፣ ፈረንሳዊውን ከአሜሪካዊው የሚለየው ብዙ ጊዜ መልኩ ሳይሆን አጠገቡ የተጻፈው የአገር ስም ወይም የተሣለው ሰንደቅ ዓላማ ነው። ጽሑፉን ማንበብ የማይችል ተመራማሪ ከሥዕሉ ላይ «የፈረንሳዮች አሣሣል» እና «የሩሲያውያን አሣሣል» የሚል ልዩነት ቢፈልግ የሚያገኘው የራሱን ግምት ነው።

እዚህ ላይ ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ሊመዘን ይገባል። በሥዕሎቹ ውስጥ ወደቡ ሁሌም የደራ ነው፤ መርከቦች ይራገፋሉ፣ ነጋዴዎች ይስቃሉ፣ በሚዮዛኪ ሰፈር በነበረው በጋንኪሮ የመዝናኛ ቤት እንግዶች በሙዚቃና በመጠጥ ይስተናገዳሉ። በዚያው ጊዜ ግን ኑሮው ሌላ ነበር። በጃፓን የወርቅና የብር ምጣኔ አንድ ለአምስት ገደማ፣ በዓለም ገበያ ደግሞ አንድ ለአሥራ አምስት ገደማ ስለነበር፣ የውጭ ነጋዴዎች ብር እያስገቡ ወርቅ እየጫኑ ወጡ። የሐር ዋጋ ናረ። በ1860 የሾጉኑ መንግሥት ጥሬ ሐርን ጨምሮ አምስት ዓይነት ሸቀጦች በቀጥታ ወደ ዮኮሃማ ሳይወርዱ በኤዶ በኩል እንዲያልፉ እስከማዘዝ ደረሰ። በባዕዳን ላይ ጥቃት ተደጋገመ፦ በ1859 ሩሲያውያን መርከበኞች በዮኮሃማ ተገደሉ፤ በጃንዋሪ 1861 የአሜሪካ ሌጋሲዮን አስተርጓሚ ሄንሪ ሂውስከን በኤዶ ተገደለ፤ በሴፕቴምበር 14 ቀን 1862 ቻርልስ ሪቻርድሰን የተባለው እንግሊዛዊ ነጋዴ በናማሙጊ መንደር አጠገብ በሳትሱማ ግዛት ጭፍሮች ተሰይፎ ሞተ። ብሪታንያም በሚቀጥለው ዓመት ካጎሺማን በመድፍ ደበደበች።

እነዚህ ሁሉ በዮኮሃማ ሥዕሎች ውስጥ የሉም፤ የሌሉበትም ምክንያት ሠዓሊዎቹ ሳይሰሙ ቀርተው አይደለም። የሾጉኑ ሕግ ወቅታዊ ፖለቲካዊ ጉዳዮችን በኅትመት ማሳየትን ለረጅም ጊዜ ሲከለክል ኖሯል። እያንዳንዱ ሥዕል ሰሌዳው ከመቀረጹ በፊት በመርማሪ ታይቶ የፈቃድ ማኅተም ማግኘት ነበረበት። የናማሙጊው ግድያ በሃያካዋ ሾዛን ሥዕል ላይ የወጣው በ1877 ነው፤ ይህም ከድርጊቱ 15 ዓመት በኋላ፣ የሾጉኑም መንግሥት ከወደቀ በኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ በ1861 የታተመ አንድ የሚስቅ ባዕድ ምስል «ሕዝቡ የውጭ ሰዎችን በደስታ ተቀበለ» ለሚል ድምዳሜ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የሚያስረግጠው፣ እንዲታተም የተፈቀደው ባዕድ የሚስቀው ባዕድ እንደነበር ብቻ ነው።

ሌላው በጥናቶች ውስጥ በቂ ትኩረት ያላገኘው ጉዳይ «አምስቱ አገሮች» የሚለው አመዳደብ ነው። ይህ አመዳደብ የወደቡን ሕዝብ ሳይሆን የውሎቹን ዝርዝር የተከተለ ነው። በዮኮሃማ ቁጥራቸው ከፍ ያለና በንግዱ ውስጥ ዋና ሚና የነበራቸው ቻይናውያን ከአምስቱ ውስጥ አልተቆጠሩም፤ ቻይና ከጃፓን ጋር ውል የተዋዋለችው በ1871 ስለሆነ፣ ወደ ወደቡ የገቡት የምዕራባውያን ነጋዴዎች ደላላ፣ ጸሐፊና አገልጋይ ሆነው ነበር። ሥዕሎቹ ቻይናውያኑን «ናንኪን» በሚል የአንድ ከተማ ስም ጠርተው ያሳዩአቸዋል። ጥቁር አገልጋዮችም እንዲሁ በጌቶቻቸው ጎን፣ ዕቃ ተሸክመው ወይም ፈረስ ይዘው ይታያሉ። ጥቁር ሰዎችን በጃፓን ሥዕል ማሳየት በዮኮሃማ የተጀመረ አይደለም፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ የፖርቱጋል መርከቦችን መምጣት በሚያሳዩት ባለወርቅ ተጣጣፊ መከለያዎች ላይም ይገኛሉ። ነገር ግን ከአፍሪካ፣ ከሕንድና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ሰዎች በአንድ የቆዳ ቀለም ስም ተጠቃልለው ስለቀረቡ፣ ከሥዕሉ ብቻ ተነሥቶ የማንንም ትውልድ አገር ማወቅ አይቻልም። ብዙ የሙዚየም መግለጫዎች በአንድ ሥዕል ላይ ያለውን ምዕራባዊ በአገሩ ስም ጠርተው ከጎኑ ያለውን አገልጋይ ሳይጠቅሱ ያልፋሉ። በዚህም ሥዕሉ በራሱ ዘመን የሠራውን ማዕረግ በእኛ ዘመን ይደግሙታል። የሰዎችን ዝውውርና የአገልጋይነትን ታሪክ ለሚያጠኑ የአፍሪካ ተመራማሪዎች ይህ ገና ያልታረሰ መሬት ነው።

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ሁሉም ሠዓሊ ገልባጭ አልነበረም የሚል ነው፤ እውነትም ነው። ሳዳሂዴ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። የወደቡን ከፍታ እይታ ካርታዎች ሠርቷል፤ በ1861 ያወጣው፣ ምዕራባውያን ነጋዴዎች በዮኮሃማ ሸቀጥ ሲያጓጉዙ የሚያሳየው ባለአምስት ወረቀት ሥዕል በዝርዝር ብዛቱ የታወቀ ነው፤ ከ1862 እስከ 1865 ባሳተመው ባለሥዕል የዮኮሃማ መጽሐፍም ያየውንና የሰማውን መዝግቧል። ነገር ግን የመጽሐፉ ርእስ ራሱ «የታየና የተሰማ» የሚል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሳዳሂዴ ማየትን ከመስማት ለይቶ አልሰየመም፤ መለየቱ የተመራማሪው ሥራ ነው። የአንዱ ሠዓሊ ጥንቃቄም ለሌሎቹ ሁሉ ዋስትና ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ሥዕሉ ከጋዜጣ ቢገለበጥስ? የኤዶው ገዢ ይህን አያውቅም ነበር፤ ለእሱ ያ ምስል እውነተኛው ባዕድ ነው፤ ስለዚህ «የጃፓናውያን እይታ» መባሉ ስሕተት የለውም ይባላል። ክርክሩ ግማሽ መንገድ ይወስዳል። ሥዕሉ የገዢውን ግንዛቤ እንደቀረጸ መቀበል ይቻላል፤ ይሁንና የቀረበለትን ማወቅ የተቀበለውን ማወቅ አይደለም። ገዢው አምኖ ገዛው? ስቆበት ገዛው? ለልጆቹ መጫወቻ ገዛው? ይህን ሥዕሉ ብቻውን አይመልስም፤ የዕለት ማስታወሻ፣ ደብዳቤ፣ የመንግሥት ትእዛዝና የንግድ መዝገብ አብረው መጠናት አለባቸው። ከዚህም ባሻገር ኤዶ ጃፓን አይደለችም፤ ሐር የሚያመርተው ገበሬ ባዕዱን ያወቀው በሥዕል ሳይሆን በዋጋ ለውጥ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ደግነቱ ሥዕሎቹ ለጥንቃቄ የሚያግዝ መረጃ በራሳቸው ላይ ይዘዋል። ከ1859 እስከ 1871 በነበረው ሥርዓት የመርማሪው ክብ ማኅተም የፈቃዱን ወርና ዓመት ይናገራል፤ ዓመቱ የሚጠራው በእንስሳ ስም ሲሆን 1860 የጦጣ፣ 1861 የአውራ ዶሮ ዓመት ነው። የአሳታሚው ምልክትና የሠዓሊው ፊርማም አሉ። አንድ ተመራማሪ ማኅተሙን አንብቦ ሥዕሉ የወጣበትን ወር ካወቀ፣ በፊት የወጡትን የለንደንና የኒው ዮርክ ጋዜጦች አገላብጦ ምንጩን መፈለግ ይችላል። ምንጩ ሲገኝ ጥናቱ አያበቃም፤ ይልቁን ይጀምራል። ሠዓሊው ምን አስቀረ፣ ምን ጨመረ፣ ማንን በማን ቦታ ተካ የሚለው ጥያቄ የሠዓሊውን ሐሳብ የሚገልጠው ያን ጊዜ ነው። በወረቀቱ ላይ የታተመው ጽሑፍም እንደ ጌጥ ታልፎ ሳይሆን እንደ ሥዕሉ አካል መተርጎም አለበት፤ በአንዳንዶቹ ላይ የባዕድ ቃላት ዝርዝር ከነፍቺው ታትሟልና ገዢው ለመማርም ይገዛ እንደነበር ያሳያል። ሦስት ወረቀት ያለው ሥዕል ተቆርጦ አንዱ ብቻ ሲታተምም አገልጋዩ፣ ቻይናዊው ወይም ጃፓናዊው ተሸካሚ ከትዕይንቱ ሊወጣ ስለሚችል፣ ሙሉውን ማቅረብ የታማኝነት ጉዳይ ነው።

ኃላፊነቱ በተማሪው ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። ለጽሑፍ ምንጭ ገጽና ዓመት የሚጠይቅ አማካሪ፣ ምስል ሲቀርብለት ሠዓሊውን፣ ዓመቱንና መነሻውን ሳይጠይቅ የሚያልፍ ከሆነ፣ ሁለት ዓይነት ሚዛን ይዟል ማለት ነው። የሰነድ ሐያስያን ለጽሑፍ የሚያደርጉትን ምርመራ ምስልም ይገባዋል።

በ1861 ቻርልስ ዊርግማን የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ የ«ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ዘጋቢ ሆኖ ጃፓን ገብቶ በዮኮሃማ ተቀመጠ። እሱ ጃፓናውያንን እየሣለ ወደ ለንደን ይልካል፤ ሥዕሎቹም በዚያ በእንጨት ላይ ተቀርጸው ይታተማሉ። የኤዶ ሠዓሊዎች ደግሞ የዚያኑ ጋዜጣ ገጾች እያዩ እንግሊዛውያንን በእንጨት ላይ ያስቀርጻሉ። ሁለቱም ገበያዎች ስለ ሌላው ሰው የሚሸጥ ምስል ይፈልጉ ነበር፤ ሁለቱም ሲቸኩሉ በተዘጋጀ ምስል ተጠቅመዋል። ይህን የምስል ምልልስ ተከታትሎ የሚያጠና ተመራማሪ ስለ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእውቀት ንግድ ብዙ ያገኛል። ከአንዱ ጫፍ አንድ ወረቀት አንሥቶ «የጃፓናውያን ዓይን» ብሎ የሚሰይም ግን፣ በ1861 አሳታሚው የሠራውን ሽያጭ ከመድገም አያልፍም።